ጥቁር የወጣው ሰርግ

«ጻፊ» አለ አጎቷ ቪንኮ፣ ሳጥን ማሸጉን ሳያቋርጥ። «ለአቶ ኮላሪች፣ ናሺትሴ። የፎቶ መስታወቶቻችን እንከን የለባቸውም። ጥፋቱ የእርስዎ ነው፤ የጨለማ ክፍልዎን ቀዳዳ ይድፈኑ።»

ሩዛ ብዕሯን ቀለም ውስጥ እንደነከረች ቀረች። ኦሲየክ ከተማ ያለው ይህ የፎቶ ዕቃ መደብር ደንበኞቹን የሚያነጋግረው በፖስት ካርድ ነው፤ ርካሽ ነው። ጽሕፈቷ ስለሚያምር ከትምህርት ቤት መልስ የምትጽፈው እሷ ናት።

የናሺትሴው ፎቶ አንሺ ኮላሪች የላከው ካርድ ፊቷ ተቀምጧል። የባለ ወፍጮውን ልጅ ሰርግ ቢያነሳ መስታወቱ ሁሉ ጥቁር ወጣበት። ሙሽራው በማግስቱ ወደ ንጉሠ ነገሥቱ ጦር ስለተመለሰ ድጋሚ ማንሳት አይቻልም። አሁን መንደሩ «ሽማግሌው ሙያው ጠፍቶበታል» ይላል።

ፎቶ የሚነሳበት መድኃኒት የተቀባ መስታወት ከመነሳቱ በፊት ከቀይ ፋኖስ በቀር ብርሃን ካየ ጥቁር ሆኖ ይበላሻል። ሩዛ ይህን ታውቃለች። የኮላሪች ሳጥን ከመላኩ በፊት ግን የክፍል ጓደኛዋ ስታና፣ «ባዶ መስታወት ነው አይደል የምትሸጡት?» ብላ ስታሾፍባት፣ ሳጥኑን መስኮቱ ሥር ከፍታ አንድ በአንድ አሳየቻት። ከዚያ መልሳ አሸገችው። ሳጥኑ ናሺትሴ ሄደ።

«አጎቴ፣ ምናልባት እኛ ጋ...»

«እኛ ጋ ምን? ደግሞ ጠበቃው ሆንሽ? ጽፈሽ ፖስታ ቤት አድርሺ፤ ሊዘጋ ነው።»

ጻፈችው።

መንገድ ላይ ስታና ካርዱን ከእጇ መንጭቃ አነበበችው። ካርድ ለማንበብ ማንም ፈቃድ አይጠይቅም።

«ኧረ አጎትሽ አፈር አስጋጠው! የናሺትሴ ፖስተኛ መጠጥ ቤት ቁጭ ብሎ ጮክ እያለ ነው የሚያነበው አሉ።»

«ሳጥኑን የከፈትኩት እኔ ነኝ።»

«ታዲያ ማን አየሽ? እኔ እንደሆንኩ አልተነፍስም።»

ሩዛ ካርዱን ተቀብላ ለሁለት ቀደደችው።

ፖስታ ቤት ስትደርስ መጀመሪያ ያሰበችው ወረቀትና ፖስታ መግዛት ነበር። እውነቱን ጽፋ ታሽገዋለች፤ ከሽማግሌው በቀር ማንም አያውቅም። ግን ጥፋቱ የሽማግሌው እንዳልሆነ መንደሩም አያውቅም።

«ፖስታ ነው ካርድ፣ ልጄ?» አለ ጸሐፊው።

ስታና ክንዷን ቆነጠጠቻት። «አብደሻል እንዴ? መጀመሪያ የሚያነበው ይሄ ሰውዬ ነው። ዛሬ ማታ ከአጎትሽ ጋር ቁማር ይጫወታል።»

«ካርድ» አለች ሩዛ።

መስኮቱ ጋ ሄዳ፣ ከወትሮው ተለቅ ባሉ ፊደላት መጻፍ ጀመረች።