በሰው ስም የተገዛ ቤት

ሙሉወርቅ በአሜሪካ ኮሎምበስ ከተማ ከሚነርቫ ፓርክ ጀርባ ያለው ቤት ስትደርስ ግቢው በፖሊስ ቢጫ ሪባን ተከቦ ነበር። ባሏ ለማ ትናንት ረፋድ ላይ «ቤታችንን አይቼ ልምጣ» ብሎ እንደወጣ አልተመለሰም። ቤቱ የቀድሞ ባለቤቱ የባንክ ዕዳ መክፈል አቅቶት በፍርድ ቤት ትእዛዝ በጨረታ የተሸጠ ነው። ለማ አዲስ አበባ የነበረውን ሁሉ ሸጦ እዚያ አፍስሶታል።

ከበሩ የወጣችው መርማሪ ሰምሀል ትባላለች። እዚሁ ኮሎምበስ የተወለደች፣ አማርኛዋ ቢኮላተፍም ከዓይኗ ምንም የማያመልጥ ሴት ናት።

«እትዬ ሙሉወርቅ፣ ሶ ሶሪ። ባለቤትዎ ምድር ቤቱ ደረጃ ሥር ወድቀው ነው ያገኘናቸው። ሞተዋል።»

«ልየው! እባክሽ ልየው!»

«አሁን አይቻልም። ባትሪ ይይዙ ነበር?»

«በስልኩ መብራት ነበር የሚያየው።»

«ስልካቸው መኪናቸው ውስጥ ቻርጅ ላይ ነው።» ሰምሀል ድምጿን ዝቅ አደረገች። «ቤት ውስጥ ሞተው ተገኙ ብቻ ይበሉ። ምድር ቤት መሆኑን ለማንም እንዳይነግሩ።»

ከሪባኑ ማዶ የቀድሞው ባለቤት ሚስተር ሃርላን ቆመዋል። ቤቱን ለቀው ሂሊያርድ የሚባል ሰፈር ልጃቸው ዘንድ ገብተዋል። ሰምሀል ስለ ምድር ቤቱ ጠየቀቻቸው።

«ማብሪያው በሩ አጠገብ ነው» አሉ ሽማግሌው በእንግሊዝኛ። «ሲበራ ሁሉም ነገር ይታያል።»

በማግስቱ መርማሪዋ ለቅሶ ቤት መጣች። መጀመሪያ የቤት ደላላውን ወርቅነህን ጠየቀችው።

«ኦክሽን፣ ያው ጨረታ፣ ሪስክ አለው ብዬው ነበር። ውስጡን ሳታይ ነው የምትገዛው። ሰው ቢኖርበት የምታስወጣው አንተ፣ ያልታየ ዕዳ ቢወጣም የምትከፍለው አንተ። አልሰማኝም።»

«ጋሼ ለማ ሲሞቱ እርስዎ የት ነበሩ?»

«ቤክስሊ ሰፈር ቤት ሳሳይ ነው የዋልኩት። ደንበኞቼን ኮል አድርጊያቸው።»

ቀጥሎ የቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌ ጋሼ ንጉሤ ተጠየቁ። ለማ አሜሪካ ሲገባ ከኤርፖርት የተቀበሉት እሳቸው ናቸው፤ ቤቱንም በስማቸው የገዙለት እሳቸው ናቸው።

«የውጭ ዜጋ ነዋ፣ ግሪን ካርድ የለው! ለሱ ብዬ ስሜን አዋስኩት።»

«የቤቱን ውስጥ አይተውታል?»

«እግሬንም አላስገባሁም!» እንባቸውን ጠረጉ። «ወንድሜን! በዚያ ጨለማ ምን ሊያደርግ ወረደ?»

ሙሉወርቅ ይህን እንደ ማጽናኛ ሰማችው። ሰምሀል ግን ጥያቄዋን አቆመች።

ከቀብሩ በኋላ ሁሉንም ቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ ሰበሰበቻቸው። በኮቪዱ ምክንያት ማስክ አድርገው ተራርቀው ተቀመጡ።

«ቤቱ መብራት የለውም» ብላ ጀመረች። «የምድር ቤቱ መስኮቶችም በጣውላ ታሽገዋል፤ በቀንም ድቅድቅ ጨለማ ነው። ጋሼ ለማ ስልክም ባትሪም አልያዙም። እንዴት ወረዱ? ብርሃን የያዘ ሰው አብሯቸው ነበር። ያ ሰው ብርሃኑን ይዞ ወጥቷል።»

ጣቷን እያጠፈች ቀጠለች።

«ሚስተር ሃርላን መብራቱ እሳቸው ከለቀቁ በኋላ መቆረጡን አያውቁም፤ ያን ቀንም ከልጃቸው ጋር ነበሩ። የወርቅነህን ደንበኞች አነጋግሬያለሁ፤ አብረዋቸው ውለዋል። ጋሼ ንጉሤ፣ ጋሼ ለማ ምድር ቤት መውረዳቸውንና መጨለሙን ማን ነገርዎ?»

«ሙሉወርቅ ናት።»

«እኔ አልነገርኩዎትም» አለች ሙሉወርቅ።

«ኦሃዮ ውስጥ የውጭ ዜጋ በስሙ ቤት መግዛት ይችላል» ቀጠለች ሰምሀል። «አትችልም ያሏቸው እርስዎ ነዎት። በኋላ ጋሼ ለማ ስሙ ይዛወርልኝ ሲሉ እርስዎ ማዛወር አልቻሉም። አበዳሪዎችዎ አስፈርደውብዎት ስለነበር፣ ቤቱ በስምዎ እንደገባ ለዕዳዎ ተያዘ።»

ንጉሤ ፊታቸውን በእጃቸው ሸፈኑ።

«ቧንቧውን ልየው ብሎ አብረን ምድር ቤት ወረድን። ቤቱ ለዕዳዬ መያዙን እዚያው ነገርኩት። ለቤተ ክርስቲያን እናገራለሁ ሲለኝ... ገፋሁት። ወድቆም ‹ጋሼ፣ ያብሩልኝ› ይል ነበር። ትቼው ወጣሁ።»

 ፖሊሶቹ ገብተው ካቴና አስገቡባቸው። ሙሉወርቅ ሰምሀልን ጠየቀቻት።

«ቤቱስ?»

«ጠበቃ ሊሞክር ይችላል። ግን ውላችሁ የቃል ነው። አበዳሪዎቹ ሳይቀድሙ አይቀሩም፤ መልሰው ለጨረታ ያወጡታል።»

«የልጆቹን ክፍል ሊቀባ የገዛው ቀለም እዚያ ነው። ጃኬቱም። እሱን እንኳ ላውጣ?»

«እኛ ነገ ቤቱን እንለቃለን። ከዚያ በኋላ ያለ ባለቤቱ ፈቃድ መግባት አይቻልም።»

«ባለቤቱ ማነው ታዲያ?»

ሰምሀል ካቴና ገብቶባቸው ወደ በሩ የሚወሰዱትን ጋሼ ንጉሤን በዓይኗ አሳየቻት።