አራተኛው ሲጋር

የሲጋር ፋብሪካው ዋና ቀማሽ የሞተው ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ፣ አራተኛውን ሲጋር ለኩሶ ሦስት ጊዜ እንደሳበ ነው። መርማሪዋ ስትደርስ አስከሬኑ ከወንበሩ ተንሸራቶ ጠረጴዛው ሥር ተዘርግቷል፤ ሲጋሩ ግን መተርኮሻው ጠርዝ ላይ እንደተጋደመ ጠፍቷል። የዓመቱ ምርጥ ሲጋር የሚለይበት ቀን በመሆኑ፣ ሰውየው ሲወድቅ አራት ሰዎች ክፍሉ ውስጥ ነበሩ። አሁንም አራቱም አሉ፤ እርስ በርስ የሚተያዩበት ዓይን ግን ደግ ዓይን አይደለም።

«ምን ትጠብቂያለሽ?» አለ የፋብሪካው ባለቤት ገና ከበሩ ሳትገባ። «ገዳይዋ ያቻትልሽ! ይዘሻት ውጪ!»

«አንተ አንቺ የምንባባለው መቼ ተዋውቀን ነው?» አለችው መርማሪዋ።

ባለቤቱ የጠቆመው አንዲት አሮጊት ሲጋር ጠቅላይ ላይ ነበር። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ቅጠል በእጇ ስትጠቀልል የኖረች ሴት ናት። ሥራዋ መጠቅለል፣ ጠባይዋ ደግሞ የጠቅላይ ሚኒስትር ስለሆነ ፋብሪካው በሙሉ «ጠቅላያችን» ይላታል። ትናንት ዋናው ቀማሽ የሠራቻቸውን ሲጋሮች ሰው ፊት መሬት ላይ ዘርግፎ «ዓይንሽ ጠፍቷል፣ ቤትሽ ግቢ» ብሏታል። እሷም «አፈር ያስበላህ!» ብላዋለች። ዛሬ የገደለው ሲጋር ደግሞ የእሷ የእጅ ሥራ ነው። በሩ ላይ የቆመው ፖሊስ ካቴናውን አውጥቶ ይዟል። ባለቤቱ የሚፈልገው ነገሩ ቶሎ እንዲያልቅለት ነው፤ ለአሮጊቷ ግን አደጋ ላይ የወደቀው ቀሪ ዕድሜዋ ነው።

መርማሪዋን ባልደረቦቿ በሌለችበት «ወይዘሮ ለምን» ይሏታል። እሷም ታውቃለች፤ አልከፋትም። ጎንበስ ብላ ሲጋሩን አሸተተችና ፊቷን አኮማትራ ቀና አለች። አፍ ውስጥ የሚገባው ጫፍ የበሰበሰ ነጭ ሽንኩርት ይሸታል።

«የነቀዝ መድኃኒት ነው» አለች። «የት ነው የሚቀመጠው?»

«ቅጠል መጋዘን፣ መደርደሪያው ላይ» አለች የሟች ሚስት። «ማንም ገብቶ ያነሳዋል።»

የቅምሻው ትሪዎች ደግሞ ከትናንት ከሰዓት ጀምረው፣ የየቀማሹ ስም ተጽፎባቸው፣ ቁልፍ በሌለው በዚህ ክፍል ውስጥ አድረዋል። ስለዚህ ከአራቱ ማናቸውም ማድረግ ይችሉ ነበር። መርማሪዋ የሟቹን የቅምሻ ወረቀት አነሳች። ቀማሽ መጀመሪያ ሲጋሩን ሳይለኩስ አሽትቶ ጠረኑን ይጽፋል፤ ከዚያ ነው እሳት የሚያየው። በአራት ቁጥር ትይዩ «ዝግባ፣ ማር» የሚል ጥርት ያለ ጽሑፍ አለ። ሁለት ጊዜ አነበበችውና ወረቀቱን ይዛ ወደ ጎን ክፍል ገባች።

መጀመሪያ የጠራችው ሚስትየዋን ነው። የቅጠል መጋዘኑ ኃላፊ እሷ ናት።

«መጋዘኑም የእኔ፣ መድኃኒቱም የእኔ። ሌላ ምን ልጨምርልሽ?» አለች ሳትቀመጥ።

«ባልዎን ይወዱት ነበር?»

«ድሮ። ድሮ ምግቡ ትንሽ ከሸተተው ቤት የሚያምስ ሰው ነበር። ይኸው ሁለት ዓመት፣ ድስት ሙሉ ቢያርርብኝ እንኳ ቃል አይተነፍስም። ሽቶዬን ቀየርኩ። አጠገቡ ቆሜ ጠርሙሱን ጨረስኩት ብልሽ ይቀላል። ዞር ብሎም አላየኝ! ንቆኛል፣ በቃ። ለናቀኝ ሰው ደግሞ መርዝ አላባክንም።»

ጠቅላያችን ስትገባ የሎሚ ጠረን አብሯት ገባ።

«እጅዎ ሎሚ ሎሚ ይላል» አለች መርማሪዋ።

«ምን ላድርግ! ማታ ሽንኩርት ከከተፍኩ ጠዋት በሎሚ ሳልፈትገው አልመጣም። ያ ሰውዬ ካሸተተኝ አያስቀምጠኝማ።»

«ዛሬም ታጥበዋል?»

«ዛሬም፣ ነገም። ልማድ ሆኗል።»

«ገደሉት?»

አሮጊቷ ትክ ብላ አየቻት። «ልጄ፣ ብገድለው በመጥረቢያ ነበር። ሲጋሬን አላረክስም።»

«ይህችን ለፖሊሱ እንዳይደግሟት» አለች መርማሪዋ።

ምክትል ቀማሹ ሱሪው እንዳይጨማደድ ሳብ አድርጎ ተቀመጠ። ከሟቹ ጎን ተቀምጦ ያንኑ አምስት ዓይነት ሲጋር ሲቀምስ ነበር።

«የአለቃዎ አፍንጫ እንዴት ነበር?»

«እስከ መጨረሻዋ ትንፋሹ እንደ ምላጭ!»

«እርስዎስ መጥፎ ሽታ አልሸተተዎትም?»

«ክፍሉ በጭስ ታፍኗል። እኔ የማሸተው የራሴን ነው።»

«እሱ ግን የራሱን ይዟል። ለምን አልሸተተውም?»

ምክትሉ የሱሪውን መስመር አስተካከለ። «ጉንፋን ይዞት ይሆናላ።»

«አሁን እንደ ምላጭ ነበር አሉኝ።»

«ምላጭም ይደንዛል» አለና ፈገግ አለ።

ፈገግታው አላማራትም። የቅምሻ መዝገቡና የሠራተኞች ፈቃድ መዝገብ እንዲመጡላት አዘዘች። ባለቤቱ «ሰው ሞቶ አንቺ መዝገብ ታገላብጫለሽ?» እያለ እያጉረመረመ አመጣላት። አንድ ሰዓት ያህል አገላበጠች።

አስከሬኑ ከወጣ በኋላ ሁሉንም በጠረጴዛው ዙሪያ አስቀመጠቻቸው። ሲጋሩን በብርጭቆ ይዛ በየአፍንጫቸው ሥር አሳለፈችው። ሁሉም ሸሹት፤ ፖሊሱማ ሊያስለው ደረሰ።

«እንኳን ቀማሽ፣ ፖሊስም ይሸሸዋል» አለች። «ሟቹ ግን ይህንኑ ጫፍ አሽትቶ ‹ዝግባ፣ ማር› ብሎ ጻፈ። ከዚያም አፉ ውስጥ ከተተው። ለምን? ማሽተት ስለማይችል ነው። ሁለት ዓመት ሆኖታል። ማሽተት ሲጠፋ ጣዕም መለየትም አብሮ ይጠፋል።»

ሚስትየዋ የወንበሩን መደገፊያ ያዘች። «አያሸትም ነበር?» አለች ቀስ ብላ። ሁለት ዓመት ሙሉ ንቆኛል ብላ የጠላችው ሰው አልናቃትም ነበር፤ ይህን ያወቀችው ዛሬ፣ አስከሬኑ ከወጣ በኋላ ነው።

«ይህን መርዝ የመረጠ ሰው» ቀጠለች መርማሪዋ፣ «አለማሽተቱን ያውቃል። በአፍንጫው የሚያምን ሰው እንዲህ የሚሸት ነገር አይደፍርም። የፋብሪካው ባለቤት በየሳጥኑ ላይ የሰውየውን ፊርማ ያትማሉ፤ ያምናሉ። ሚስቱ ሽቶ ቀይረው ተቀየሙ፤ ያምናሉ። ጠቅላያችን ዛሬ ጠዋት እንኳ በሎሚ ታጥበዋል፤ ያምናሉ።»

የሁሉም ዓይን ምክትሉ ላይ አረፈ።

«የማያሸት ሰው ትክክለኛውን ጠረን ከየት አምጥቶ ጻፈ?» የሟቹንና የምክትሉን የቅምሻ ወረቀት ጎን ለጎን አኖረች። «እርስዎ ንጹሑን አራት ቁጥር አሽትተው ‹ዝግባ፣ ማር› ብለዋል። እሱ መርዘኛውን ይዞ ‹ዝግባ፣ ማር›። የቀሩትም ቃል በቃል አንድ ናቸው። ከወረቀትዎ እያየ ይገለብጥ ነበር።»

«ሁለት ሰው አንድ ሲጋር አሽትቶ አንድ ነገር ቢጽፍ ምን ይገርማል? አጠገቤ ነው፤ እንደሰረቀኝስ በምን አውቃለሁ?»

«አይገርምም። ይህ ግን ይገርማል።» መዝገቦቹን ገለጠች። «በሁለት ዓመት ውስጥ ቅምሻ ሰባት ጊዜ ተራዝሟል። ሰባቱንም ቀን እርስዎ የሕመም ፈቃድ ላይ ነበሩ። ምክትሉ ሲታመም ዋናው ለምን ሥራ ይፈታል? ሳያውቁት የሚገለብጥብዎት ቢሆን፣ እርስዎ በቀሩ ቁጥር ቅምሻው ለምን እንደሚቆም አይጠይቁም ነበር? ደግሞስ አፍንጫው እንደ ምላጭ ነው ብለው ለምን ዋሹኝ?»

ምክትሉ ወረቀቶቹን አየ፤ በሩ ላይ የቆመውን ፖሊስ አየ። የሚያመልጥበት አልነበረም።

«ሳጥኑ ላይ ስሜን ከስምህ በታች ጻፍልኝ፣ ሌላ ምንም አልፈልግም አልኩት» አለ በመጨረሻ። «‹አፍንጫ ስም የለውም› አለኝ። ብሎኝም ሳቀ። እሱ ሲሞገስ ቆሜ አጨበጭባለሁ፤ የሚሞገሰው ግን የእኔ ቃል ነው!»

ፖሊሱ ጠቅላያችንን አልፎ ሄዶ ካቴናውን ምክትሉ እጅ ላይ አጠለቀ። አሮጊቷ ብድግ ብላ ወደ ምክትሉ ዞረች።

«እኔስ?» አለችው። «እኔ ምን በደልኩህ? ትሪ ሙሉ የሰው ሥራ እያለ ለምን የእኔን መረጥክ? ላንተ ስል ልሰቀል?»

ምክትሉ ዓይኗን ሳያይ፣ ቅምሻ እንደሚያነብብ ሰው ረጋ ብሎ መለሰላት። «የሌሎቹ ጫፍ የመድኃኒቱ እርጥበት ሲነካው ይተረተራል። የእርስዎ አይተረተርም። በዚህ ቤት እንደ እርስዎ የሚጠቀልል ሰው የለም።»

በሠላሳ ዓመት አንድም ሰው ይህን ብሏት አያውቅም። አሮጊቷ ጠጋ ብላ ፊት ለፊቱ ቆመች።

«ስጠብቀው የኖርኩት ቃል ይኸው መጣ» አለችና ፊቱ ላይ ተፋችበት።