ጀሪፍ የሚለው ረድፍ

«ስክሪኑ አልሠራ አለኝ» አለች ገሊላ። ስልኩን ባንኮኒው ላይ አስቀመጠችው።

ውብሸት ቀና ብሎ አላያትም። ስልኩን ገለበጠና ጀርባውን በጥፍሩ መታ መታ አደረገው።

«ወድቆብሽ ነው?»

«ውሃ ገብቶበት ነው።»

ውሃ ካለች የሚከታተላት ሰው የለም ማለት ነው። ወድቆ ብትለው ኖሮ ስልኩን መልሶ ይሰጣትና እንደማይተዋወቅ ሰው ይለያዩ ነበር።

ከኋላዋ ቻርጀር የሚገዛ ሰው ተራውን ይጠብቃል። የካርቱሙ ዴም ሰፈር መንገድ ገና በጠዋቱ ሞቋል፤ ረክሻዎች በሩ ላይ ጡሩምባቸውን ያንባርቃሉ። ውብሸት ከመሳቢያው ተመሳሳይ ስልክ አውጥቶ ሰጣት።

«ለጊዜው በዚህ ተጠቀሚ። ያንቺ ኢንሻላህ ነገ ይደርሳል።»

«ሹክረን፣ ጋሼ ውብሸት።»

ወጣች። ርክክቡ አልቋል።

ወጥመዱም ተጠምዷል።

ገሊላ እዚሁ ዴም ነው ያደገችው። እናቷ የጎንደር ሰው ነበረች፣ አባቷ ኦምዱርማን ተወልዶ ያደገ። አረብኛዋን ሰምቶ ሐበሻ ናት የሚል የለም። የአዲስ አበባው የደህንነት መሥሪያ ቤት የመረጣትም ለዚህ ነው። በኢቃማዋ፣ በመኖሪያ ፈቃዷ ላይ፣ ስሟ ሪም ነው። ሥራዋ ደግሞ ሙንዚር ለሚባል ሰው ድርጅት ገጽ መሥራት።

የሙንዚር ድርጅት በሩ ላይ የተሰቀለው ጽሑፍ «የቤት ሠራተኛ አስቀጣሪ» ይላል። ከመተማ የተሻገሩ ልጆች ሥራ አለ ተብለው ይመጣሉ። ጀሪፍ፣ ሶባና ካፉሪ በሚባሉ የከተማው ሰፈሮች ባሉት ቤቶች ይቆለፍባቸዋል። አንድ መኪና የሚሞላ ሰው ሲገኝ ወደ ሰሜን፣ ወደ በረሃው ይጫናሉ። እዚያ የሚገዛቸው አለ።

ሙንዚር ቤቶቹን ሁሉ ከስልኩ ላይ ማየት ፈለገ። ገሊላ ሠራችለት። የየቤቱ ጠባቂ ያለውን ያስገባል፤ ሰርቨሩ ይይዘዋል፤ የሙንዚር ገጽ ሰርቨሩን ደጋግሞ ይጠይቃል። ሰንጠረዡ ማንም ሳይነካው ዓይኑ ሥር ይለዋወጣል። መኪና ሲሞላ የዚያ ቤት ረድፍ አረንጓዴ ይሆናል። ልጆቹ የተቀመጡበትን ዓምድ «ቢዳዓ» በይው አላት፤ ሸቀጥ ማለት ነው።

ጻፈችው። ከዚያ ምሳዋን በላች።

ያው ሰንጠረዥ ለሁለት ሰዎች በስውር ይታያል። አንዱ ውብሸት ነው፤ በመሥሪያ ቤቱ አጠራር «አጎት»፣ የካርቱም አለቃዋ። ሌላው አዲስ አበባ የተቀመጠው በቀለ ነው፤ እሱ «መምህር» ይባላል። የገጹ አድራሻና ፓስወርድ በየጊዜው ይቀየራል። ለበቀለ በሌላ መንገድ ይደርሰዋል፣ ለውብሸት በእጅ፣ እንደ ዛሬ ጠዋቱ ተበላሸ በተባለ ስልክ ውስጥ።

ከዚህ በፊት ሁለት ጊዜ ረድፉ አረንጓዴ ሆኖ ነበር። ሁለት ጊዜ በቀለ የሚያምናቸው የሱዳን ፖሊሶች በሩን ሰብረው ገቡ። ሁለቱንም ጊዜ ቤቱ ባዶ ነበር። ወለሉ ታጥቦ ገና አልደረቀም።

መረጃውን ለሙንዚር የሚሸጥ ሰው አለ። የሚያዩት ደግሞ ሁለት ናቸው።

ስለዚህ ገሊላ ኮዱን ነካካችው። ሰርቨሩ ለሁሉም የሚልከው አንድ ዓይነት ዳታ ነው፤ ሰንጠረዡ ግን የሚያሳየው አሳይ የተባለውን ብቻ ነው። ገጹን የከፈተው አጎት ከሆነ፣ ካፉሪ በሚለው ቦታ ጀሪፍ ብሎ ይጻፍ። መምህር ከሆነ ሶባ ይበል። እውነቱን የሚያዩት ሙንዚርና እሷ ብቻ ናቸው።

ያ ከዳተኛ ውሸቱን ይዞ ሙንዚር ዘንድ ከደረሰ፣ ሙንዚር ውሸቱ ከየት እንደመጣ መጠየቁ አይቀርም። መልሱ ወደ እሷ ያመራል።

ይህን እያወቀች ነው ኮዱን ያስቀመጠችው።

*

እኩለ ቀን ላይ ካፉሪ ነበረች። ጠባቂው ስልኩ ላይ ያለው ገጽ አስቸግሮኛል ስላለ አስተካከለችለትና ውሃ ልጠጣ ብላ ወደ ወጥ ቤቱ ዞረች።

ሙላቷ ሽንኩርት ትልጣለች። የቤቱ ወጥ ሠሪ ናት። የእህቷ ልጅ በዚሁ መንገድ ወደ ሰሜን ሄዳ ድምፅዋ ጠፍቷል። ውብሸት ቤተ ክርስቲያን ሲያገኛትና ዓይን ሁኚልን ሲላት፣ እሺ ለማለት አላመነታችም።

«ለመንገድ የሚሆን ቴምር አስመጡ» አለች ሙላቷ ሳታያት። «ዛሬ የሚያወጧቸው መሰለኝ።»

«ዛሬ ነው፣ እትዬ።»

«አንዷ ትኩሳት ይዟታል። ጫማዬን ስጡኝ እያለች ታለቅሳለች። ጫማውን ምን ልታደርገው ነው፣ በሩ ተቆልፎ?»

«ሰዎች ሲገቡ መሬት ላይ ተቀመጪ። እጅሽ ይታይ።»

ሙላቷ ቢላዋውን አስቀመጠች።

«እኔም አብሬ እወጣለሁ አይደል፣ ልጄ?»

«ትወጫለሽ» አለች ገሊላ።

*

ቢሮ ስትመለስ ጀኔሬተሩ ይንዶቆዶቃል። ሰንጠረዡን ከፈተች። የካፉሪ ረድፍ አረንጓዴ ነው።

ሙንዚር ከክፍሉ ወጣ። ወንበሯ አጠገብ ቆመ።

«ያ ሪም።»

«ነዓም፣ ኡስታዝ።»

«ሰንጠረዥሽ ጀሪፍ ላይ የሞላ መኪና አለ ይላል እንዴ?»

ጀሪፍ።

ውብሸት ነው።

እናቷ የሞተች ጊዜ ድንኳን ያስተከለው እሱ ነበር። ለዚህ ሥራ ያሠለጠናትም እሱ ነው። ሊሰማት የሚገባ ነገር እንዳለ አወቀች። ጠበቀችው። አልመጣም።

«ጀሪፍ ባዶ ነው» አለች። ስክሪኑን ወደ እሱ አዞረችው። «ይኸው ይዩት። ማን እንዲህ አለዎት?»

ሙንዚር አየ። ረድፎቹ እፊቱ ተለዋወጡ። ጀሪፍ፣ ባዶ።

«ሰንጠረዡ ሊሳሳት ይችላል?»

«ሰርቨሩ የላከለትን ነው የሚያሳየው። ሌላ ነገር ያየ ሰው ካለ ስልኩን ያምጣና እንየው።»

ሙንዚር ከስክሪኑ ቀና አለ። ከዚያ በሩ ላይ ወደ ተቀመጠው ኢሳ ዞረ። ኢሳ የሙንዚር ሾፌርም አጃቢም ነው።

«የዴሙን ሰውዬ አምጣው። ከነስልኩ። ያላ!»

ሙንዚር ወደ ክፍሉ ገባ። ገሊላ ኮዱን ከፈተች። የጨመረቻቸውን መስመሮች አጠፋችና አስቀመጠች። ከአሁን በኋላ ሰንጠረዡ ለሁሉም እውነቱን ይናገራል።

ለበቀለ ጻፈች፦ «አጎት ከድቷል። ቤቱ ካፉሪ ነው። አሁኑኑ።»

መልሱ ወዲያው መጣ፦ «ሰዎቹ ሶባ ናቸው። ድልድዩን መሻገር አለባቸው። ቤቱን አትንኪው። ለማንም አትደውይ።»

ሶባ። ሶባ የላከቻቸው እሷው ናት፣ በገዛ ውሸቷ።

*

ውብሸትን ኢሳ በክንዱ ይዞ አስገባው። ገሊላ አጠገብ ሲያልፍ አላያትም። የሙንዚር ክፍል በመስታወት የተከፈለ ነው፤ በሩም ገርበብ እንዳለ ቀርቷል።

«ክፈተው» አለ ሙንዚር።

ውብሸት ገጹን ከፈተ። ረድፎቹ አንድ በአንድ ተደረደሩ። ካፉሪ፣ አረንጓዴ።

«ጀሪፍ ነበር የሚለው» አለ ውብሸት። «ወላሂ፣ ጠዋት ጀሪፍ ነው ያየሁት።»

«ገጹን ማን ሰጠህ?»

ውብሸት ቀና አለ። በመስታወቱ በኩል ገሊላን አያት። ገባው። ፊቱ ላይ ሁሉም ነገር ሲገባው አየች።

እጆቿን ኪቦርዱ ላይ አሳረፈች።

ስሜን ጥራ፣ አለች በልቧ። ጨርሰው።

«የካፉሪዋ ወጥ ሠሪ ናት» አለ ውብሸት። «ሙላቷ። ከጠባቂው ስልክ ላይ ወስዳ ነው የሰጠችኝ።»

ለምን የእሷን ስም እንዳልሰጠ ገሊላ እስከ ዛሬ አታውቅም። ስለ እናቷ ብሎ ይሆናል። ሌላ ቀን በደህና ዋጋ ሊሸጣት አስቦም ይሆናል።

ሙንዚር ስልኩን አነሳ።

የገሊላም ስልክ እጇ ላይ ነው። የሙላቷ ቁጥር ስክሪኑ ላይ ተቀምጧል። አንዴ ብትነካው ይበቃል። ሙላቷ በጓሮ በኩል ትወጣ ይሆናል። ግን ጠባቂዎቹ ስትሮጥ ካዩ ልጆቹን ጭነው ይሄዳሉ፤ ፖሊሶቹ ደግሞ ገና ድልድዩ ላይ ናቸው።

አውራ ጣቷ ስክሪኑን ሳይነካ ቆየ።

አልደወለችም።

ስልኩን ገልብጣ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። ሰንጠረዡን ማየት ጀመረች። የካፉሪ ረድፍ። ቤት፣ መኪና፣ ቢዳዓ፣ ጠባቂ፣ ወጥ ቤት። ወጥ ቤት በሚለው ሥር ሙላቷ የሚል ስም አለ።

ገጹ ሰርቨሩን ጠየቀ። ምንም አልተለወጠም።

እንደገና ጠየቀ።

የሙላቷ ስም ጠፋ።

ቦታው ባዶ ሆነ፤ ነጭ። ጠባቂው ሥራውን ሠርቶ፣ እንደታዘዘው መዝግቧል። እንዴት እንደሚመዘገብ ያስተማረችው ገሊላ ናት።

ሙንዚር ሌላ ቁጥር እየደወለ ነው። መኪናው ቶሎ ይውጣ ይላል። ገሊላ ዓይኗን ከረድፉ አላነሳችም። ቢዳዓ የሚለው ዓምድ እንዳለ ነው። መኪናው አልተነሳም። አሁንም አልተነሳም።

ከዚያ የካፉሪ ረድፍ ዝም አለ።

ገጹ ይጠይቃል፣ ከካፉሪ የሚገባ ነገር የለም። የጠባቂው ስልክ ከእጁ ተወስዷል ማለት ነው።

ሙንዚር ለጠባቂው ደወለ። አልተነሳም። ደግሞ ደወለ። ከዚያ ውብሸትን በአንገትጌው ይዞ ከኢሳ ጋር ወደ መኪናው ሮጠ።

«አንቺ እዚሁ ጠብቂኝ!»

«ሓዲር፣ ኡስታዝ።»

የመኪናው ድምፅ እስኪርቅ ተቀመጠች። ሰርቨሩ ላይ ያለውን ሁሉ ለበቀለ ላከች፤ የቤቶቹን፣ የሾፌሮቹን፣ በረሃው ላይ ያሉትን ገዢዎች። ከዚያ አጠፋችው። ቦርሳዋን ያዘች። ደረጃውን ስትወርድ አልሮጠችም።

*

በቀለ የደወለው መናኸሪያው ደጃፍ ላይ ቆማ ሳለ ነው።

«ልጆቹ በሙሉ ወጥተዋል» አለ። «የታመመችውን ሐኪም ቤት አስገብተናታል። ሙንዚር ካፉሪ ሲደርስ እዚያው ተይዟል፣ ሾፌሩም። ተሳክቷል፣ ገሊላ።»

«ውብሸትስ?»

«መኪናው ውስጥ አልነበረም። መንገድ ላይ ምን እንዳደረጉት አይናገሩም።»

«ሙላቷስ?»



«ድስቱ እሳት ላይ ነበር አሉ። እሷን አላገኟትም። የጓሮ በሩ ክፍት ነው፣ አንድ የቤቱ መኪናም የለም። እየፈለግን ነው።»

«እሺ።»

«ባለመደወልሽ ደግ ነው ያደረግሽው። ብትደውዪ ኖሮ…»

«እሺ» አለች።

ሲሙን አውጥታ ሰበረችው። ስልኩን ከአንድ ሻይ ሻጭ ባልዲ ውስጥ ከተተችው። የሪምን ኢቃማ ቀዳደደችና በየመንገዱ በተነችው። ቦርሳዋ ውስጥ በሌላ ስም የተሠራ ወረቀት አለ። አያ ይላል።

የገዳሪፍ አውቶቡስ ሊነሳ ሲል ገባች። ከአጠገቧ ሰፊ ቶብ የለበሱ አሮጊት ተቀምጠዋል። ከተማው ሲያልቅ ወደ እሷ ዞሩ። ከዚያ በአረብኛ ጠየቋት።

«ልጄ፣ ስምሽ ማነው?»

«አያ።»

«ማን ዘንድ ነው የምትሄጂው?»

«ዘመድ ዘንድ።»

«ያለቀስሽ መስሎኝ ነበር። ሰው ሞቶብሽ ነው?»

አያ በመስኮቱ ወደ ውጭ አየች። ሜዳው ጠፍጣፋና ቢጫ ነው። ፊቷን በመዳፏ ዳበሰች። ደረቅ ነው።

«የለም» አለች። «ደክሞኝ ነው።»

አሮጊቷ ከእቅፋቸው ዳቦ አውጥተው ቆረሱላት። ተቀብላ አመሰገነች፤ መብላትም ጀመረች። ጣዕሙ አይታወቃትም። ግን እስከ መጨረሻው በላችው።