ቅቤ የጠገበው ሐውልት

በኤልማር ምድር የሳሊም ወንዝ በደረቀ በሦስተኛው ዓመት፣ በጉርዛ ኮረብታ ላይ የቆመው ጥንታዊ ሐውልት በጠራራ ፀሐይ አላበው። ሕዝቡ «ቅቤ አንሶት ነው» ብሎ ከልጆቹ ጉሮሮ ነጥቆ ቀባው። የኤልማር ሰው እንዲህ ነው፤ ያልገባውን ነገር ሁሉ ቅቤ ይቀባል።

ንግሥት ሄሉዛ ግን ከቅቤው ሥር የተሰወረ ጽሑፍ እንዳለ ጠረጠረች። የጥንቱን ፊደል የምታነበውን ወጣቷን ዘርሚናን ከአሥር ፈረሰኞች ጋር ላከቻት። መንገድ ላይ በጨው ሜዳ የሚኖር ዘንዶ ስምንቱን ፈረሰኞች ዋጠ። ዘርሚና ከሁለቱ ጋር ኮረብታው ላይ ስትደርስ የሐውልቱ ጠባቂ ጦሩን ደገነባት። ጠባቂው ኦርጋዝ፣ የገዛ አባቷ ነበር።

«ልጄ፣ ቅቤውን የፋቀ ይቀሠፋል ሲባል አልሰማሽም?»

«ሰምቻለሁ፣ አባባ። ግን በየመንደሩ የሕፃናት መቃብር እያየሁ ነው የመጣሁት። ከዚህ የባሰ ምን መቅሠፍት አለ?»

ሽማግሌው ጦሩን ጥሎ በገዛ እጁ ይፍቅ ጀመር። የስንት ትውልድ ቅቤ እንደ ዛፍ ቅርፊት እየተላጠ ወደቀ። ከሥሩ ጽሑፍ ወጣ። ዘርሚና አነበበች፦

«ጎርፍ ሊያጠፋን በመጣ ጊዜ ምንጩን በዚህ ድንጋይ ደፈንነው። ልጆቻችን ሆይ፣ ውሃ በጠማችሁ ቀን ከሥሩ ደግፎ የያዘውን ሽብልቅ አውጥታችሁ ድንጋዩን ጣሉት።»

ሽብልቁ ያለው አንድ ሰው ብቻ በሚያስገባ ጠባብ ጉድጓድ ውስጥ ነበር። የገባ እንደማይወጣ አራቱም አዩ።

«እኔ ልግባ፣ አባባ!» ብላ ዘርሚና ክንዱን ያዘችው።

«በሕይወት ሳለሁ ይህ ሐውልት አይወድቅም ብዬ ምያለሁ» አለ ኦርጋዝ። «መሐላዬንም አላፈርስም፣ ውሃውንም አልከለክልም። አርባ ዓመት ቃሉን በቅቤ የደፈንኩት እኔ ነኝ። አንቺ ያነበብሽውን ለሰው ንገሪ።»

ግንባሯን ስሞ ገባ። ሐውልቱ ተንገዳግዶ ወደቀ፤ ውሃውም ከሥሩ ፈንቅሎ ወጣ። ፈረሰኞቹ እየጮኹ ጠጡ። ዘርሚና ግን ያን ቀን ውሃ አልቀመሰችም፤ አባቷን እየጠራች አለቀሰች።

በዓመቱ ሕዝቡ የቅቤ ቅሉን ይዞ፣ እሷ ታሪኩን ወደ ቀረጸችበት ወደ ኦርጋዝ የመቃብር ድንጋይ መጣ። ዘርሚና ከፊታቸው ቆመች።

«ቅቤውን ለልጆቻችሁ አብሉ። አባቴን አትቀቡት፤ አንብቡት።»

አንዲት አሮጊት «ማንበብ አንችልም እኮ፣ ልጄ» አሏት።

ዘርሚና መቃብሩ አጠገብ ተቀመጠች። የአሮጊቷን ጣት ይዛ በአባቷ ስም የመጀመሪያ ፊደል ላይ አሳረፈችው።