የላይኛው ግማሽ

መምህር አድማሱ ከጋፋት በሚወርደው የእግር መንገድ ሥር፣ ከገደሉ ግርጌ ሞተው ተገኙ። ነጠላቸው ከላይ ቁጥቋጦ ላይ ተንጠልጥሎ ቀርቷል።

ኢንስፔክተር እየሩስ አጠገባቸው ተንበረከከች። ብዙ አስከሬን አይታለች። እኒህ ግን ሒሳብ ያስተማሯት ሰው ነበሩ። መዳፎቻቸው ተልጠዋል፤ ለመውጣት አፈሩን ቧጥጠዋል።

«የወደቁት እሑድ ነው፤ ወዲያው ግን አልሞቱም» አለ ሐኪሙ። «ሰው ቢደርስላቸው ኖሮ...»

ሳይጨርስ ፊቷን አዞረች።

መጀመሪያ የተያዘው ጋሹ ነው። በባሕር ዛፍ ወሰን ከሟቹ ጋር የተካሰሰ ገበሬ ነው። ስልካቸው እሱ ቤት ተገኘ።

«ከየት አመጣኸው?»

«መንገድ ላይ ወድቆ አገኘሁት። እመብርሃን ምስክሬ ናት፣ የማን እንደሆነ አላወቅሁም!»

«እሑድ የት ዋልክ?»

«እብናት፣ አማቶቼ ዘንድ። ክርስትና ነበር። ማታም አልተመለስኩ።»

እየሩስ እብናት ደወለች። ሕፃኑን ያጠመቁት ቄስ ሳይቀሩ መሰከሩለት። ጋሹ ተለቀቀ።

ከዚያ ወደ ትምህርት ቤቱ ሄደች። የመምህሩ ኮምፒዩተር እንደበራ ነው። ምን ሲሠራ እንደኖረ ታውቃለች። ተማሪ ሳለች ስለ አንድ ቁጥር ይነግሯቸው ነበር። ሁለት በራሷ እየተባዛች፣ እየተባዛች ሄዳ መጨረሻ ላይ አንድ የተጨመረባት፤ ወረቀት ላይ ቢጻፍ ከደብረ ታቦር እስከ ይፋግ የሚዘረጋ ቁጥር።

«ከአንድና ከራሱ ሌላ አካፋይ እንዳለው ተረጋግጧል» ይሉ ነበር። «አካፋዩ ማን እንደሆነ ግን የሚያውቅ የለም።»

ፍለጋውን ከባልደረባቸው ከመምህር ባምላኩ ጋር ተካፍለውት ነበር። ከሚፈተሹት ቁጥሮች ታችኛው ግማሽ የአድማሱ፣ ላይኛው የባምላኩ። ባምላኩ «የኔ ግማሽ ባዶ ነው» ካሉ ዓመታት አልፈዋል።

ስክሪኑ ላይ አንድ ቁጥር ቆሟል፤ የእሑድ ጠዋት ውጤት። ከጎኑ «ቀሪ ዜሮ» ይላል። እየሩስ ኮምፒዩተሩን ደግማ አስካፈለችው። ዜሮ። ለማግኘት ዕድሜ የፈጀው ነገር ለማረጋገጥ አንድ ማካፈል በቃው።

አካፋዩ የተገኘው ላይኛው ግማሽ ውስጥ ነበር።

ባምላኩ ከለቅሶው ድንኳን ተጠርተው መጡ። አስከሬኑን ከተሸከሙት አንዱ እሳቸው ነበሩ።

«መምህር፣ ለመጨረሻ ጊዜ መቼ ተገናኛችሁ?»

«ዓርብ። ከዚያ ወዲህ አላየሁትም፤ አልደወለልኝምም።»

«እሑድ ጠዋት አካፋዩን አግኝተውት ነበር።»

ባምላኩ አንገታቸውን ደፉ። «እንግዲህ በኔ ግማሽ መገኘቱ አሁን ምን ዋጋ አለው ልጄ?»

እየሩስ ብዕሯን አስቀመጠች።

«በየትኛው ግማሽ እንደተገኘ እኔ አልነገርኩዎትም።»

የባምላኩ ትከሻ ወደቀ።

«አልፈተሽኩትም ነበር» አሉ። «ማሽኔ ሲበላሽ ታከተኝና ጨረስኩ አልኩት። አምኖኝ ስንት ዓመት በባዶ ሜዳ ሲቆፍር ኖረ። በኋላ ግራ ቢገባው የኔን ግማሽ እንደገና ጀመረው።»

«እሑድ ምን ተባባላችሁ?»

«ጋፋት ቤቴ ድረስ መጥቶ ነገረኝ። ስሸኘው መንገድ ላይ ለሰው እንዳይነግርብኝ ለመንኩት።»

«እምቢ አሉ?»

«እምቢ ባለኝማ! ቢሰድበኝ ኖሮ ተሰድቤ ቤቴ እገባ ነበር። "ይቅር ብዬሃለሁ፤ ሁለታችን አገኘነው እንላለን" አለኝ። ያን ሁሉ ዓመት ሰርቄው እየሳቀ አየኝ። ውስጤ ነደደ። ገፋሁት።»

እየሩስ ልትጠይቅ የፈራችውን ጠየቀች።

«ከወደቁ በኋላ ድምፅ ሰምተዋል?»

«በስሜ ጠራኝ» አሉ ባምላኩ። «ጥዬው ሄድኩ።»

ለሟቹ ባለቤት ለወይዘሮ ላቀች የነገረቻቸው እየሩስ ራሷ ናት። ላቀች አልጮኹም። ባምላኩ ድንኳኑ ውስጥ አጠገባቸው ተቀምጠው ሲያጽናኗቸው ነበር የሰነበቱት። ላቀች ቀና አሉና፣

«ማግኘቱን ለማን ነገረ?» አሉ።

«ለመምህር ባምላኩ ብቻ።»

ላቀች ነጠላቸውን ወደ ዓይናቸው ሳቡ።

«በደጄ አልፎ ነው የሄደ» አሉ። «በደጄ አልፎ፣ ደስታውን መጀመሪያ ለሱ።»