የተፋቀው ዳርቻ

የሩክማል አስከሬን የተገኘው ፖልሄና በተባለው የባሕር ዳርቻ ላይ ነው፤ ባሕሩ ሸሽቶ ያገጠጠው የኮራል ድንጋይ ላይ። ማለዳ አንድ ሰዓት ላይ ዓሣ ሊያጠምዱ የወረዱ ሽማግሌዎች አዩት። የማዕበል መጋለቢያ ሰሌዳው፣ በግራ ቁርጭምጭሚቱ ላይ በታሰረው ገመድ እንደ ተያያዘ፣ አጠገቡ ተጋድሟል።

«ማዕበል ጥሎት ጭንቅላቱን ድንጋዩ መትቶት ነው፣ ማዳም» አለ ሳጅን ፒያል።

ኢንስፔክተር ማኔል አስከሬኑ አጠገብ ተንበረከከች። የዶንድራ ዓሣ አጥማጅ ልጅ ነች፤ ባሕር ሰውን እንዴት አድርጎ እንደሚመልስ ታውቃለች። የሟቹን ክንድ፣ ጉልበትና የእግር መዳፍ አገላብጣ አየች።

«እስቲ ጫማህን አውልቅና እዚህ ድንጋይ ላይ ሦስት እርምጃ ሂድ።»

«ኧረ ማዳም፣ ይቆራርጠኛል።»

«እሱን ታዲያ ለምን አልቆራረጠውም?»

ፒያል ጎንበስ ብሎ አየ። ከማጅራቱ በላይ ካለው አንድ ቁስል በቀር በገላው ላይ ጭረት እንኳ አልነበረም።

ሩክማል ሰሌዳ ጋላቢ ነበር፤ አስተማሪም ጭምር። ዳያሲሪ በተባለ ሰው የእንግዳ ማረፊያ በረንዳ ላይ፣ በማታራና በአጎራባች ዳርቻዎች ማዕበል የት የት እንደሚጋለብ ሩክማል በገዛ እጁ ጣውላ ላይ ጽፎ ሰቅሎ ነበር። ማኔል እዚያ ሄዳ አነበበችው። አንደኛ ፖልሄና፦ «ባሕሩ ሲሞላ ብቻ። ሲሸሽ የሚገባ እብድ ነው።» ሁለተኛ ማዲሃ። ሦስተኛ የዳያሲሪ ደጅ፦ «ፍሳሽ አለበት።» አራተኛ ሚሪሳ፣ አምስተኛ ዌሊጋማ። ስድስተኛው በቢላ ተፍቋል።

«ተጣልተናል፣ አልዋሽም» አለ ዳያሲሪ፣ ሆዱን እያሻሸ። «በገዛ በረንዳዬ ላይ ‹ፍሳሽ አለበት› ይበለኝ? ግን ለፍሳሽ ሰው ይገደላል እንዴ?»

«ስድስተኛውን ማን ፋቀው?»

«እሱ በሞተበት ዕለት ዋዜማ ተፍቆ አገኘሁት። ምን እንደሚል አላነበብኩትም። ስለ እኔ የጻፈውን ካነበብኩ በኋላ ዓይኔ ጨልሞ ነበር።»

ታሩሺ ከሩክማል ጋር ታስተምር የነበረች ልጅ ናት። ቀለበት አስሮላት ነበር፤ ከሁለት ወር በፊት ትቷታል።

«በሕይወት ሳለ ጣለኝ፤ ሞቶ ደግሞ ፖሊስ ላከብኝ» አለች፣ ዓይኗን ከባሕሩ ሳትነቅል።

«ገመዱን በየትኛው እግሩ ነበር የሚያስረው?»

«በቀኝ። ግራውን አስቀድሞ ነው የሚቆመው፤ ገመድ ደግሞ የኋላ እግር ላይ ነው የሚታሰር። እኔም እንደዚያው ነኝ።»

«ተሳስቶ በግራው ቢያስርስ?»

«በሰባት ዓመት አንድ ቀን አላየሁም። ፊተኛው እግር ላይ ከታሰረ ይጠልፍሻል፣ እህቴ።»

የተሰበረ ሰሌዳ የሚጠግነው ሱኒመል የሩክማልም የታሩሺም አስተማሪ ነበር። ከማዲሃ አለፍ ብሎ፣ ከድንጋዮቹ ጀርባ ብቻውን ይኖራል። ማኔል ስትደርስ በጎጆው ደጅ፣ ከታንኳው አጠገብ፣ ሰሌዳ እየሞረደ ነበር።

«አያ ሱኒመል፣ ገመድ እንዴት እንደሚታሰር ያሳዩኝ።»

ጎንበስ አለና፣ እጁን እንኳ ሳያይ፣ በራሱ ግራ ቁርጭምጭሚት ላይ አሰረው። ማኔል አመስግና ወጣች። ከደጁ ፊት ለፊት ባሕሩ በዝግታ እየታጠፈ፣ ረጅምና ለስላሳ ማዕበል ይሠራ ነበር። ማንም አልገባበትም።

ሩክማል በሞተ በሰባተኛው ቀን መነኮሳቱ ስለ ሟቹ የተሰጠውን ምጽዋት ተቀብለው ሲሄዱ፣ ሦስቱም ተጠርጣሪዎች በሩክማል እናት ግቢ፣ ከነጫጭ የሐዘን ባንዲራዎቹ ሥር ተቀምጠው ነበር። እናቲቱ ሱመናዋቲ በሩ ላይ ቆመው ይሰማሉ።

«ሩክማል ፖልሄና አልሞተም» አለች ማኔል። «ሐኪሙ እንደሚለው የሞተው ሲነጋጋ ነው፤ ያኔ ባሕሩ ሸሽቶ ነበር። ‹የሚገባ እብድ ነው› ብሎ የጻፈ ሰው አይገባም። ቢገባም ድንጋዩ ገላውን ይቀደው ነበር። ሌላ ቦታ ተገድሎ ነው የመጣው፤ ገመዱንም ያሰረለት ሌላ ሰው ነው።»

«እኔ ገመድ ማሰር አላውቅም» አለ ዳያሲሪ ቸኩሎ።

«ባያውቁም በስሕተት ሊያስሩ ይችላሉ። እርስዎን ያዳነዎት ሌላ ነገር ነው። ተናደው ቢፍቁ ኖሮ የሚፍቁት ሦስተኛውን፣ የራስዎን ነበር። ታሩሺ ብትሆን በቀኝ ታስረው ነበር፤ የእሱም የእሷም እጅ የለመደው ያንን ነው። በግራ ያሰረው ቀኙን አስቀድሞ የሚቆም ሰው ነው። ከእናንተ መካከል እንደዚያ የሚቆመው አንድ ብቻ ነው።»

ሱኒመል እጆቹን ጉልበቱ ላይ አደረገ።

«ሩክማል ዝርዝሩን ሊያሳትመው ሰጥቶ ስለነበር ማተሚያ ቤቱ ቅጂ ነበረው» አለችው፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «ስድስተኛው የእርስዎ ደጅ ነው። ‹ማንም የማያውቀው፤ ለልጆች የሚሆን› ይላል። እኔ ደግሞ ከሃያ ዓመት በፊት፣ ባሕሩ መንደሮቹን ጠርጎ ከወሰደበት ከታላቁ ማዕበል በኋላ፣ የጠፉትን ስም የምመዘግብ አዲስ ፖሊስ ነበርኩ። መዝገቡን ዳግመኛ አየሁት። ሚስትዎና ሁለት ሴት ልጆችዎ። አልተገኙም።»

«ጠዋት ጠዋት እገባለሁ» አለ ሱኒመል። «እዚያ ናቸው። ሌላ የት እሄዳለሁ? እሱን ማዕበል መጋለብ ያስተማርኩት እዚያው ነው፤ ለማንም አልናገርም ብሎ ምሎልኝ። መጀመሪያ ፋቅሁት፤ ‹ማተሚያ ቤት ገብቷል አያ፣ ባሕር የማንም መቃብር አይደለም› አለኝ። ሳቅ ብሎ ነው ያለኝ። በክፋት አልነበረም፤ ልጅ ስለሆነ ነው። መቅዘፊያው እጄ ላይ ነበር።»

«አንድ ያልገባኝ ነገር አለ» አለች ማኔል። «ታንኳ አለዎት። ጥልቁ ላይ ቢተዉት ማንም አይደርስብዎትም ነበር። ለምን ሰው በየማለዳው የሚወርድበት ዳርቻ አመጡት?»

ሱኒመል ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብሎ ወደ በሩ አየ።

«እናቱ የምትቀብረው እንዲኖራት ነው።»

ሱመናዋቲ ወደ እሱ ተራመዱ። ፒያል ሊይዛቸው ሲል ማኔል በእጇ ከለከለችው። አሮጊቷ ፊቱ ቆሙ።

«አንተ ሃያ ዓመት ሙሉ ስታለቅስ ሩዝ የማመላልስልህ እኔ ነበርኩ» አሉት። «ሳህኑን ይዞልህ የሚመጣውስ ማን ነበር?»

ፒያል የሱኒመልን ክንድ ያዘ።

ሱኒመል ዕድሜ ልክ ተፈረደበት። በችሎቱ ጊዜ ጋዜጦቹ የሱኒመልን ደጅ ከነፎቶግራፉ አወጡት። በታኅሣሥ ማኔል በዚያ ስታልፍ መኪናዋን አቆመች። ሠላሳ አንድ ሰሌዳ ቆጠረች። የሱኒመል የጥገና ጎጆ ሻይ ቤት ሆኗል። አንዲት ልጅ ማዕበሉን ይዛ፣ እየሳቀች እስከ አሸዋው መጣች።

«ደስ ይላል አይደል?» አለቻት ልጅቷ፣ ውሃ እያራገፈች።

«አዎ» አለች ማኔል፣ «ጥሩ ማዕበል ነው።»