የአባባ «ደህና ነኝ»

«አልሃምዱሊላህ፣ ደህና ነኝ» አሉ አቶ አሕመድኑር። «ትንሽ ሆዴን ነካ አድርጎኝ ነው እንጂ።»

ሲስተር እሌኒ የሰማችውን ጻፈችና አረንጓዴ ካርድ ሰጠቻቸው። አረንጓዴ የያዘ በሽተኛ ከቀይና ከቢጫ በኋላ ነው የሚታየው። ቀኑ የመካነ ሰላም ገበያ ስለነበር ደግሞ የድንገተኛ ክፍሉ በሰው ጢም ብሏል።

ሱሀይላ አባቷን አፏን ከፍታ አየቻቸው። ደህና? ሦስት ቀን ሙሉ እህል በአፋቸው ያልዞረ ሰው ደህና? ጠዋት በአይሱዙ ሲመጡ፣ መኪናው በተንገጫገጨ ቁጥር እንዳይጮሁ የጋቢያቸውን ጫፍ ነክሰው ነበር።

የአገሩ ሰው እንዲህ ነው። እንዴት ነህ ሲባል ሕመሙን ቢዘረዝር ፈጣሪውን ያማረረ ይመስለዋል። ለጎረቤት ሰላምታ ደግ ነው። ለነርስ ግን እንዲህ ብሎ መመለስ፣ ሱሀይላ በልቧ እንዳለችው፣ ጅልነት ነው።

«አባባ፣ እውነቱን ይንገሯት እንጂ» አለች በሹክሹክታ።

«ዝም በይ። በሰው ፊት አታዋርጂኝ።»

ልጅ ያዘለች ሴት ስትገባ አባባ ወንበራቸውን ለቀቁላት። ሲነሱ ግንባራቸው ላይ ላብ ችፍ አለ። በአንድ እጃቸው ቀኝ ሆዳቸውን ይዘው፣ «እንዲያውም ተሻለኝ። አይሱዙው ሳይመለስ እንድረስበት፣ ነይ» አሉ።

አምና አጎቷ ሱፍያንም «ተሻለኝ» ብሎ ነበር የተኛው። በዚያው ቀረ።

ሱሀይላ ተነሳች፤ ወደ በሩ ግን አልሄደችም። ካርዱን ከአባቷ እጅ ወስዳ የነርሷ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠችው። በአሥራ አምስት ዓመቷ አባቷን በሰው ፊት ተቃውማ አታውቅም።

«ሲስተር፣ ይሄን ካርድ አንቀበልም።»

«ተራችሁን ጠብቁ እንጂ፣ የኔ ቆንጆ።»

«አልጠብቅም። አባቴ የነገሩሽ ውሸት ነው።»

ሰው ሁሉ ዞረ። አንድ ሽማግሌ፣ «አጃኢብ ነው፤ አባቷን ውሸታም ስትል» አሉ። ፊቷ በእፍረት ጋለ። ቢሆንም ንቅንቅ አላለችም።

«ሦስት ቀን አልበሉም። ውሃ እንኳ ያስመልሳቸዋል። ሕመሙ እምብርታቸው ላይ ጀምሮ ወደ ቀኝ ወረደ። እጅሽን ግንባራቸው ላይ አድርጊና እይው፤ እንደ እሳት ነው። ካላየሻቸው ከዚህ አልሄድም።»

ሲስተር እሌኒ እስክሪብቶዋን አስቀምጣ ተነሳች። ግንባራቸውን ነካች፤ ወዲያው አልጋ ላይ አስተኛቻቸው። ቀኝ ሆዳቸውን ጫን አድርጋ ድንገት ስትለቀው አባባ ጮኹ። ሱሀይላ አባቷ ሲጮሁ ሰምታ አታውቅም ነበር፤ አለቀሰች።

አረንጓዴው ካርድ በቀይ ተለወጠ። ዶክተር በፍቃዱ እየሮጠ መጣ። ትርፍ አንጀት ነው፣ ሊፈነዳ ደርሷል፣ ቤት ሄደው ቢሆን ኖሮ አይተርፉም ነበር አለ።

ወደ ኦፕራሲዮን ክፍል ሲገፏቸው አባባ አንገታቸውን ቀና አድርገው፣ «ቤት ስንገባ እንተያያለን» አሏት።

«እሺ አባባ። ብቻ ይግቡና ይቆጡኝ።»

በማግስቱ ሐኪሙ አልጋቸው አጠገብ ቆሞ «እንዴት አደሩ?» ሲል፣ አባባ እንደለመዱት ጀመሩ።

«አልሃምዱሊላህ፣ ደህ...»

ሱሀይላ ከወንበሯ ተነስታ ቆመች። አባባ አዩዋት። ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

«እሷን ጠይቃት» አሉ።

ሱሀይላ ወደ ሐኪሙ ጠጋ ብላ፣ ቁስሉ ስንት ጊዜ እንዳመማቸውና ስንት ጊዜ እንደደበቁት፣ አንድም ሳታስቀር ትነግረው ጀመር።